እጅ ማውጣትና ቃል መጠበቅ፦ ኢትዮጵያ በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ላይ የሰጠችው ድምፅ



ስለ ኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሲወራ ብዙዎቻችን ነገሩ የአሜሪካና የሩሲያ፣ የሕንድና የፓኪስታን፣ የሰሜን ኮሪያ ጉዳይ ይመስለናል። «እኛ ቦምብ የለን፣ ሚሳይል የለን፣ ምን አገባን?» እንላለን። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የአቶሚክ ቦምብ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን ቃል በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት አቅርበው ካስጸደቁት አገሮች ግንባር ቀደሟ የእኛዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዛሬ በዚህ ጽሑፍ የሀገራችንን ድምፅ አሰጣጥ ከመነሻው እንከተለዋለን። የት እጇን አወጣች? የት ፈረመች? የፈረመችውን መቼ አጸደቀች? ደግሞስ ምን ሳታጸድቅ ቀረች? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ወደ ኋላ እናየዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ድምፅ

እለቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1961 ነው። ቦታው ኒው ዮርክ። ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በኋላ ቁጥር 1653 ተብሎ ተመዝግቧል። ሐሳቡን ካቀረቡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ሊቢያ፣ ቱኒዚያና ኢንዶኔዥያ ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ነፃ ከወጡ ገና ጥቂት ዓመታት የሆናቸው፣ አንዳንዶቹም አንድ ዓመት ብቻ የሞላቸው ነበሩ።

የውሳኔው መንፈስ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ መጠቀም ከተመድ ቻርተር ቃልም መንፈስም ጋር ይጋጫል። ወታደሩን ከሲቪሉ፣ ጠላትን ከገለልተኛው አይለይም። ስለዚህ ጦርነቱ በጠላት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ዘር ሁሉ ላይ የተከፈተ ይሆናል። ይህን መሣሪያ የሚጠቀም መንግሥትም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠራል።

ድምፅ ተሰጠ። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተቃወሙት ውስጥ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ አሉ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሶቪየት ኅብረት የደገፈችው ስለ ሰው ልጅ አዝና ነው ማለት አይቻልም። ድምፁ ከመሰጠቱ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1961፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ባለችው የኖቫያ ዜምልያ ደሴት ላይ እስከ ዛሬ አቻ ያልተገኘለትን 50 ሜጋቶን ገደማ ቦምብ ያፈነዳችው እሷ ናት። ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ «እባካችሁ አታፈንዱ» ብሎ ቢለምናትም አልሰማችም። የደገፈችው ውሳኔው ተቀናቃኟን ስለሚያሳፍር ነው። አሜሪካና ጓደኞቿ ደግሞ የተቃወሙት የአውሮፓ መከላከያቸው በዚሁ ቦምብ ላይ ስለተገነባ ነው። ሁለቱም ወገን ድምፁን የሰጠው ጥቅሙን አስልቶ ነው።

የኢትዮጵያን ድምፅ ክብደት የሚሰጠውም ይህ ነው። በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአሜሪካ ወዳጅ ነበር። በ1953 በተፈረመ ውል መሠረት አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያን ይዛ የሬዲዮ መገናኛና የስለላ ሥራ ትሠራ ነበር፤ በምላሹም ለሠራዊታችን የጦር መሣሪያና ሥልጠና ትሰጥ ነበር። ከእጇ የሚበላን አገር ተቃውሞ ድምፅ መስጠት ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ግን ያንን አደረገች። ለምን?

የመርዙ ትዝታ

መልሱ ያለው ከዚያ 25 ዓመት ወደ ኋላ ነው። በ1925 በጄኔቫ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክል ፕሮቶኮል ተፈርሟል። ኢጣሊያ ፈርማዋለች፤ በ1928ም አጽድቃዋለች። ይህን ወረቀት ይዛ ነው በ1935 መጨረሻ በተከዜ ዙሪያና በሰሜኑ ግንባር፣ ቀጥሎም በደቡቡ ግንባር በኦጋዴን፣ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነበችው። ጋዙ የወታደሩን ቆዳ ብቻ አላቃጠለም። ውኃውን፣ የግጦሹን ሣር፣ ከብቱን፣ ወንዝ የወረደችውን እናት ሁሉ አገኘ። ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ፣ ተዋጊውን ከእረኛው አልለየም። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ በ1939፣ በመንዝ ዘረት በሚባለው ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ይኸው መርዝ ተደግሟል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚህ መርዝ ተናገሩ። ዓለም ሰማ፤ ምንም አላደረገም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ።

የ1961ዱን ውሳኔ መግቢያ ያነበበ ሰው የዚህን ትዝታ ጥላ ያገኘዋል። ውሳኔው የሚቆመው አዲስ ሕግ በመፍጠር ላይ አይደለም። ከ1868 የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ ጀምሮ፣ በ1899ና በ1907 የሄግ ስምምነቶች አልፎ፣ እስከ 1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ድረስ የነበሩ ክልከላዎችን ይጠቅሳል። ክርክሩ ቀጥተኛ ነው፦ አላስፈላጊ ሥቃይ የሚያመጣ መሣሪያ፣ መርዝም ጭምር፣ ከተከለከለ ከዚያ ሁሉ የከፋው እንዴት ይፈቀዳል? በመድረሳ የተማረ ሰው ይህን ዓይነት ክርክር ያውቀዋል፤ ዑለሞች «ቂያሱል አውላ» ይሉታል። ትንሹ ከተከለከለ ትልቁ በበለጠ ተከልክሏል ማለት ነው።

የሰሐራው አሸዋ

ሁለተኛው ምክንያት ቅርብ ጊዜ ነበር። የካቲት 13 ቀን 1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያዋን የአቶሚክ ቦምብ ያፈነዳችው በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ሬጋን በሚባል ቦታ ነው። ኃይሉ 70 ኪሎ ቶን ገደማ፣ ማለትም ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። እስከ 1961 ሚያዝያ ድረስ በዚያው ስፍራ አራት ጊዜ ከመሬት በላይ አፈነዳች። ከዚያ ወደ ሆጋር ተራሮች ተሻግራ እስከ 1966 ድረስ 13 ጊዜ ከመሬት ውስጥ አፈነዳች። ከእነዚህ አንዱ ግንቦት 1 ቀን 1962 ከተራራው ሾልኮ የጨረር ደመና ወደ ውጭ ለቋል። አልጄሪያ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ሐምሌ ቢሆንም ፍንዳታው ከነፃነት በኋላም ቀጥሏል።

አፍሪካ ዝም አላለችም። ጋና የፈረንሳይን ሀብት አገደች። ናይጄሪያ በጥር 1961 ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች። ውሳኔ 1653 በጸደቀበት በዚያው ቀን ደግሞ ውሳኔ 1652 ጸደቀ፦ አፍሪካ ከኒውክሌር ነፃ የሆነች ምድር ተደርጋ እንድትታይ፣ በምድሯም ሙከራ እንዳይደረግ የሚጠይቅ። 55 ደገፉት፣ 44 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ ግን አንድም አልነበረም።

በ1963 ግንቦት በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ ስለ ትጥቅ መፍታት አንድ ውሳኔ አሳለፉ። በ1964 ሐምሌ በካይሮ ደግሞ አፍሪካን ከኒውክሌር ነፃ ለማድረግ መግለጫ አወጡ። ይህ መግለጫ ወደ ሙሉ ስምምነት እስኪለወጥ 32 ዓመት ፈጅቷል።

ጄኔቫ ላይ የተጻፈ አንድ ወረቀት

መጋቢት 14 ቀን 1962 በጄኔቫ የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። አምስት ከምዕራብ፣ አምስት ከምሥራቅ፣ ስምንት ደግሞ ከሁለቱም ያልወገኑ አገሮች ተመደቡ። ፈረንሳይ መቀመጫዋን ሳትይዝ ቀረች። ስምንቱ ብራዚል፣ በርማ፣ ግብፅ፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ናይጄሪያ፣ ስዊድንና ኢትዮጵያ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ትልቁ ጭቅጭቅ «እንዴት እንተማመን?» የሚል ነው። አሜሪካ መርማሪ ወደ ሶቪየት ምድር ይግባ ትላለች። ሶቪየት ኅብረት መርማሪ ማለት ሰላይ ነው ትላለች። ስምንቱ አገሮች ሚያዝያ 16 ቀን 1962 አንድ የጋራ ማስታወሻ አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር፦ በየአገሩ የመሬት መንቀጥቀጥና የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያዎች አሉ። በእነሱ ላይ ተመሥርተን መረብ እንዘርጋ። ከፖለቲካ የራቁ ሳይንቲስቶች የተሰበሰቡበት ኮሚሽን የሚመጣውን መረጃ ይመርምር። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ብቻ ጥያቄ ይነሣ።

በዚያ ዘመን ይህ ወረቀት ጭቅጭቁን አልፈታም። በነሐሴ 1963 ሦስቱ ኃያላን የተስማሙት በአየር ላይ፣ በውኃ ውስጥና በሕዋ የሚደረገውን ሙከራ ብቻ ለማቆም ነው። ከመሬት በታች ያለው እንደተፈቀደ ቀረ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በዚያው ወር ፈረመች። ጥቅምት 4 ቀን 1963 ንጉሠ ነገሥቱ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ባደረጉት ንግግርም ስምምነቱ ግማሽ እርምጃ ቢሆንም ሀገራቸው እንደምትደግፈው ተናግረዋል።

መፈረምና ማጽደቅ

ውድ አንባቢያን! እስካሁን ያየነው የሚያኮራ ነው። አሁን ግን ወደ ሌላው የመዝገቡ ገጽ እንዙር።

በዓለም አቀፍ ሕግ ሦስት ደረጃዎች አሉ። በጉባኤ እጅ ማውጣት አቋም መግለጽ ነው። መፈረም «ሐሳቡ አለኝ» ማለት ነው። አንድን አገር በሕግ የሚያስረው ግን ማጽደቅ ነው። በኒካሕ ብንመስለው፣ ሽማግሌ መላክና ዐቅድ መፈጸም አንድ እንዳልሆነ ማለት ነው።

በ1963ቱ የሙከራ እገዳ ስምምነት መዝገብ ላይ ኢትዮጵያ የተቀመጠችው ከፈረሙ ነገር ግን ካላጸደቁ ጥቂት አገሮች ተርታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዓለም ፊት ያሞገሱት ስምምነት በሀገራቸው ስም ሳይጸድቅ ቀረ። የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት ግን በ1968 ተፈርሞ በ1970 ጸድቋል፤ ይህ በጊዜው የሆነ ነው። ሁሉን አቀፍ የሙከራ እገዳው በመስከረም 1996 ተፈርሞ በነሐሴ 2006 ጸደቀ፤ አሥር ዓመት ወሰደ። የአፍሪካ ከኒውክሌር ነፃ ቀጠና ስምምነት፣ የፔሊንዳባ ውል የሚባለው፣ በሚያዝያ 1996 ተፈርሞ በ2008 ጸደቀ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ወሰደ። ይህ ውል የጸና ሆኖ ሥራ የጀመረው ሐምሌ 15 ቀን 2009 ነው።

ሐምሌ 7 ቀን 2017 ደግሞ በኒው ዮርክ የኒውክሌር ጦር መሣሪያን ጨርሶ የሚከለክል ስምምነት ለድምፅ ቀረበ። 122 አገሮች ደገፉ፣ ኔዘርላንድስ ብቻ ተቃወመች፣ ሲንጋፖር ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ኢትዮጵያ ከ122ቱ አንዷ ነበረች። ስምምነቱ ሥራ እንዲጀምር 50 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ይህም በጥቅምት 2020 ተሟላ። ከእነዚያ 50 ውስጥ ግን የኢትዮጵያ ስም የለም። በ1961 ሐሳቡን ካፈለቁት አንዷ፣ ሐሳቡ ከ60 ዓመት በኋላ ሕግ ሲሆን ከመሥራቾቹ ዝርዝር ውስጥ አልተገኘችም።

ለዚህ የሚቀርብ ምክንያት አይጠፋም። በእነዚህ ዓመታት ሀገራችን አብዮት፣ ረሃብ፣ የእርስ በርስና የድንበር ጦርነት አይታለች። ቦምብ ለሌለው አገር የቦምብ ስምምነት ማጽደቅ የሚያስቸኩል አይመስልም። ነገር ግን ደካማ አገር ከሕግ ሌላ ምን ጋሻ አለው?

የብረት ጋሻና የሕግ ጋሻ

ኃያላኑ ስለ ጋሻ ሲያወሩ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። በ1972 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የሚሳይል መከላከያቸውን ለመገደብ በሞስኮ ተፈራረሙ። ምክንያቱ ለተራ ሰው እንግዳ ይመስላል፦ አንዱ ፍጹም ጋሻ ካገኘ ሌላውን ያለ ፍርሃት ይመታል፣ ሌላውም ጋሻውን ለመብሳት ተጨማሪ ሚሳይል ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱም ያለ ጋሻ ቢቆዩ ይሻላል ተባለ። በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ከሕዋ ጭምር ሚሳይል የሚያከሽፍ መከላከያ እናጥና አሉ። በ2002 አሜሪካ ከስምምነቱ ወጣች።

ይህን ዓይነት ጋሻ ኢትዮጵያ ልትገዛው አትችልም፤ አብዛኛው ዓለምም አይችልም። በ1928 ዓ.ም. ከሰማይ ለወረደው መርዝ ጋሻችን የጄኔቫው ወረቀት ብቻ ነበር። ወረቀቱ የተቀደደው ሌሎች ስላላስከበሩት ነው። ታዲያ ሌላው ቃሉን እንዲጠብቅ የሚጠይቅ አገር የራሱን ቃል በጊዜው ሲፈጽም ነው አንደበቱ የሚከበረው።

1996፦ በአንድ ዓመት ብዙ ነገር

1996 ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በየካቲት የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጠቀማቸውን በይፋ አመነ፤ 60 ዓመት ዘግይቶ። በሚያዝያ የፔሊንዳባ ውል በካይሮ ተፈረመ። በመስከረም ሁሉን አቀፍ የሙከራ እገዳው ለፊርማ ቀረበ። ሐምሌ 8 ቀን ደግሞ በሄግ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሕጋዊነት ላይ የምክር አስተያየቱን ሰጠ።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔ 1653ን አንሥቶ መዝኖታል። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በብዙ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ስለጸደቁ ብቻቸውን አስገዳጅ ሕግ አይሆኑም አለ። ይህንንም ብሎ መሣሪያውን መጠቀም በጥቅሉ ከጦርነት ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ገለጸ፤ የአንድ አገር ህልውና ራሱ አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አልችልም አለ። በዚህ ነጥብ ላይ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። ሚዛኑን የደፋው የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ሙሐመድ በጃዊ፣ ምድሩ በፈረንሳይ ቦምብ የተቃጠለችው የአልጄሪያ ሰው ነበሩ።

ከተለዩት ዳኞች አንዱ የስሪላንካው ክሪስቶፈር ዊራማንትሪ ናቸው። እሳቸው መጠቀሙ በማንኛውም ሁኔታ ሕገ ወጥ ነው ብለው ሰፊ አስተያየት ጻፉ። ከተለያዩ ሥልጣኔዎች ማስረጃ ሲያቀርቡ የእስልምናን የጦርነት ሕግም አንሥተዋል፤ በመርዝ የተነከረ ቀስት መወርወር መከልከሉን ጠቅሰዋል። ይህ በመድረሳ ለሚቀራ ሰው እንግዳ አይደለም። በማሊኪ መዝሀብ የሸይኽ ኸሊል ሙኽተሰር በጂሃድ ምዕራፉ የተመረዘ ፍላጻን ይከለክላል። ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሽማግሌንና በአምልኮ ቦታው የተቀመጠን መነኩሴ አለመንካት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ኸሊፋዎች ዘመን ጀምሮ ለጦር አዛዦች የሚሰጥ ትእዛዝ ነበር። ኪታብ ውስጥ ያለው ይህ ዒልም በሄግ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል።

ጎረቤታችን ፉሪ

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከእኛ ከዱከም ወደ ምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ በሚወስደው በኩል፣ የፉሪ ተራራ አለ። እዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ ተተክሏል። ጣቢያው ሁሉን አቀፍ የሙከራ እገዳ ስምምነቱ በዓለም ዙሪያ በዘረጋው የክትትል መረብ ውስጥ በረዳት ጣቢያነት በስሙ ተመዝግቧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ቦምብ ሲፈነዳ ድንጋዩን በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋዋል። የተፈጥሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የሚመጣው ሁለት የድንጋይ ክፍሎች ሲንሸራተቱ ነው። ሁለቱ የሚልኩት ሞገድ ይለያያል። በብዙ ቦታ ያሉ መለኪያዎች የመዘገቡትን ያነጻጸረ ሰው ፍንዳታው የት እንደሆነና ምን እንደሆነ ይደርስበታል። ሰሜን ኮሪያ በ2006 የመጀመሪያ ሙከራዋን ስታደርግ መረቡ ገና ሳያልቅ ደርሶባታል።

ይህ እንግዲህ በ1962 ኢትዮጵያ ከሰባት አገሮች ጋር በጄኔቫ ያቀረበችው ሐሳብ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት ነበር፤ ዛሬ በፉሪ ተራራ ላይ መሣሪያ ነው። ለእኛም ሌላ ጥቅም አለው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለነውን ሁሉ ሲያስደነግጥ፣ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚሰበስቡት መረጃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይተናል።

ስምምነቱ ራሱ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም። እንዲጸና ማጽደቅ ካለባቸው 44 አገሮች ዘጠኙ ይቀራሉ። አሜሪካ ፈርማለች፤ ምክር ቤቷ ግን በጥቅምት 1999 በ51 ለ48 ውድቅ አድርጎታል። ሩሲያ አጽድቃ ነበር፤ በ2023 ማጽደቋን ሰረዘች።

ከእኛ የሚጠበቀው

በአሜሪካ በዚያ ድምፅ እያንዳንዱ ሴናተር ምን እንዳለ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። መራጩ ሄዶ «ለምን እንዲህ አልክ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ በዜና የምንሰማው «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ በኒው ዮርክ በዲፕሎማት የወጣ እጅ ሕግ የሚሆነው እኛ በመረጥናቸው ሰዎች እጅ ነው። የዱከም፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ተወካዮችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

ተወካይ ስንመርጥ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት እንጠይቃለን፤ ተገቢ ነው። በእኛ ስም የተገባውን ቃል ኪዳንም እንጠይቅ። አማና ማለት የተቀመጠን ገንዘብ መመለስ ብቻ አይደለም። ሰው በተናገረበት መገኘት አማና ነው፤ ለሀገርም ያው ነው። አያቶቻችን መርዝ በላያቸው ሲዘንብ ያላገኙትን ጥበቃ ለሌላው እንዲሆን ሀገራችን በ1961 ተናግራለች። ያን ቃል እስከ መጨረሻው ማድረስ የልጅ ልጆቻቸው ሥራ ነው።

አላህ ሀገራችንንና ዓለምን ከእንዲህ ያለው ጥፋት ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።